የአቴንስን ጉባኤ አራት ኪሎ ላይ በአንድ ከሰዓት እንዴት ማካሄድ ይቻላል

ይሄ ጽሁፍ ለንባብ ግሩፖች፣ ለሲቪክስና ለታሪክ ክበቦች፣ በአጠቃላይ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበው ቁም ነገር ያለው ነገር መስራት ለሚፈልጉ ነው። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉ ተማሪዎች ጋር ስንሰራው ስለቆየን የምጽፈው በተግባር የሄደውን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስለ ጥንታዊ አቴንስ ዲሞክራሲ ሌክቸር መስማት ትታችሁ ራሳችሁ ታካሂዱታላችሁ፣ ዕጣውን፣ የውሃ ሰዓቱን፣ ፍርድ ቤቱን፣ ሂሳብ ማወራረዱን፣ ሁሉንም። አብዛኞቻችን ትምህርት ቤት የደረሰን "ቀጥተኛ ዲሞክራሲ የተጀመረው አቴንስ ነው፣ ህዝቡ እጅ እያወጣ ይወስን ነበር" የምትል አንድ አንቀጽ ናት፣ እና ሰው ሲጫወተውም ያንኑ ያደርጋል፣ እጅ ያወጣል ይቆጠራል ያልቃል። እኔ ግን እጅ ማውጣቱ ትንሹ ክፍል ነው ባይ ነኝ። አቴንስን የተለየች ያደረጋት ስልጣን በዕጣ መሰጠቱ፣ ቶሎ ቶሎ ከሰው ወደ ሰው መዞሩ፣ እና የያዘው ሰው ሁሉ ሲጨርስ ቆሞ መጠየቁ ነው። እነዚህን ሶስቱን ካልሰራችሁ ጨዋታውን ባትጀምሩት ይሻላል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው፣ እየደጋገምኩ አልጽፈውም።)

መጀመሪያ ቦታና ሰው። 36 ሰው አካባቢ ቢሆን በጣም ጥሩ ነው፣ ከ25 ካነሰ ግን ይቀዘቅዛል። አቴናውያን የሚሰበሰቡት ፕኒክስ በሚባል ኮረብታ ላይ ሜዳ ላይ ነው፣ አክሮፖሊስ (ቤተ መቅደሶቹ ያሉበት ኮረብታ) እየታያቸው፣ ተናጋሪው ደግሞ ከድንጋይ የተጠረበ መድረክ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የተደረደረ ወንበር ያለው አዳራሽ ሳይሆን ደረጃ ያለው ግቢ ፈልጉ፣ አራት ኪሎ እና ስድስት ኪሎ አካባቢ እንደዚህ አይነት ደረጃ ያለው የትምህርት ቤት ግቢ አይጠፋም፣ የግቢውን ኃላፊ ቀደም ብላችሁ አስፈቅዱ። ሰዓቱን ከ8 ሰዓት እስከ 11 ተኩል አድርጉት፣ ከዛ በላይ ከሄደ ታክሲ ሰልፍ ያለበት ሰው ልቡ አብሯችሁ አይሆንም።

ሰው ሲገባ በር ላይ ካርድ ያወጣል። 20 ካርድ "ዜጋ"፣ 6 "ሴት"፣ 4 "መጤ ነዋሪ"፣ 6 "ባሪያ"። ካርዱ ከሰውየው ጾታ ጋር ምንም ግንኙነት እንዳይኖረው፣ ዕጣው የሰጠውን ይይዛል፣ ወንዱ ልጅ ሴት ከወጣለት ሴት ነው። እዚህ ጋ ለሁሉም ጮክ ብላችሁ ንገሩ፣ በእውነተኛው አቴንስ የዜጋው ድርሻ ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር፣ ጨዋታው እንዲሄድ ብለን ነው ያበዛነው። ጉባኤ መግባት የሚችለው አዋቂ ወንድ ዜጋ ብቻ ነው፣ ከ451 በኋላ ደግሞ ፔሪክልስ የሚባለው መሪ ባወጣው ሕግ መሰረት አባትም እናትም አቴናዊ መሆን አለባቸው። መጤ ነዋሪው እዛው ተወልዶ አድጎ ነግዶ በጦርነት ቢዘምት እንኳን ድምጽ የለውም፣ በዛ ላይ በዓመት 12 ድራክማ የመጤነት ግብር ይከፍላል፣ ለብቻዋ የምትኖር መጤ ሴት 6። ባሪያው ላውሪዮን የብር ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ወይ ቤት ውስጥ፣ ወይ ደግሞ የመንግስት ባሪያ ሆኖ ገበያ ላይ ቁጭ ብሎ ሳንቲሙ እውነተኛ ብር ነው ፎርጅድ ነው እያለ ይፈትሻል፣ የከተማው ንግድ በሱ ዓይን ላይ ቆሞ እሱ ራሱ አንድ ቃል መናገር አይችልም።

የጉባኤውን ቦታ በገመድ ለዩት፣ ዜጋ ያልሆኑት 16 ሰዎች ከገመዱ ውጪ ይቀመጣሉ። ብዙ ግሩፕ ይሄን ያሳዝናል ብሎ ይዘለዋል፣ ወይ ከ10 ደቂቃ በኋላ "በቃ ግቡ" ይላቸዋል፣ እባካችሁ አታድርጉት። ማሳዘኑ እኮ ነው ትምህርቱ። ስራ ግን ስጧቸው፣ እያንዳንዳቸው ደብተር ይዘው ውስጥ ከሚወሰነው ውስጥ እነሱን የሚነካውን ይጻፉ፣ ስማቸው ስንት ጊዜ እንደተነሳ ይቁጠሩ። ባሪያ ካርድ ከያዙት ሁለቱ ስርዓት አስከባሪ ናቸው፣ አቴንስ ውስጥ ይሄን ስራ የሚሰሩት እስኩቴስ የሚባሉ ቀስተኛ የመንግስት ባሮች ነበሩ፣ ገበያው ውስጥ እየተንቀራፈፈ ጉባኤ የማይገባውን ዜጋ ቀይ ቀለም በተነከረ ገመድ እየነዱ ያስገቡት ነበር፣ ልብሱ ላይ ቀለም የነካው ሰው ያፍራል። ቀይ ገመድ ያዙ፣ የምር ይሰራል።

ቀጥሎ 20ዎቹን ዜጎች ነገድ ትከፍላላችሁ። በ508 አካባቢ ክሌስቴንስ የሚባለው የአቴንስ ፖለቲከኛ ያደረገው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። አምባገነኑ ሂፒያስ በ510 ከተባረረ በኋላ ትልልቆቹ ቤተሰቦች እንደገና ሊናከሱ ሲጀምሩ እሱ የድሮውን አራት ነገድ ትቶ 10 አዲስ ነገድ ፈጠረ፣ 139 የሚሆኑትን ሰፈሮችና መንደሮች ከከተማው፣ ከባህር ዳርቻውና ከመሃል አገሩ እየቀላቀለ በየነገዱ አደላቸው፣ ስለዚህ አንድ ነገድ ውስጥ ዓሳ አጥማጁም ገበሬውም የከተማው አንጥረኛም አብረው ሆኑ፣ አብረው ይዘምታሉ አብረው በዓል ያከብራሉ፣ አንድ ባለ ሀብት የአካባቢውን ሰው ሰብስቦ የራሱ ጭፍራ ማድረግ ከበደው። እኛ ጋ በ5 ነገድ ይበቃል፣ እያንዳንዱ 4 ሰው። ሰዉን ከየት እንደመጣ ጠይቁት፣ ከመሃል (ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ)፣ ከመካከለኛው (መገናኛ፣ ሳሪስ፣ ኮልፌ)፣ ከዳር (ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ)። በተቻለ መጠን እያንዳንዱ ነገድ ውስጥ ከሶስቱም ቢያንስ አንድ አንድ ሰው ይኑር። አብረው የመጡ ጓደኛሞችን አንድ ላይ እንዳታስቀምጡ፣ ያኮርፋሉ ግን ክሌስቴንስም የፈለገው እሱን ነው።

አሁን ለጉባኤው አጀንዳ የሚያዘጋጀው ምክር ቤት። እውነተኛው 500 ሰው ነው፣ ከየነገዱ 50፣ ዕድሜ ከ30 በላይ፣ በዕጣ፣ ለአንድ ዓመት፣ በዕድሜ ልክ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። እቁብ የጣለ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፣ ዕጣ ሲወጣ ማን ይገባዋል ማን ቆንጆ ይናገራል ተብሎ አይጠየቅም። አርስቶትልም ጽፎታል፣ ስልጣንን በዕጣ መስጠት የዲሞክራሲ ጠባይ ነው፣ በምርጫ መስጠት ደግሞ የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ ነው ይላል፣ ምክንያቱም ምርጫ ላይ የሚያሸንፈው ያው የታወቀው፣ ሀብታሙና አንደበተ ርቱዑ ነው። አቴናውያን በምርጫ የሚሾሙት እንደ ጦር አዛዥነት ያለ የግድ ችሎታ የሚጠይቀውን ነው፣ 10ሩ የጦር አዛዦች ይመረጣሉ ደግሞም በተከታታይ መመረጥ ይችላሉ፣ ፔሪክልስ ያን ያህል ዓመት ጉልበት የነበረው በዚህ በኩል ነው።

ዕጣውን በኮፍያ ውስጥ ወረቀት ጥቅልል አድርጋችሁ አታውጡ፣ ማሽኑን ስሩት፣ አንድ ሰዓት አይፈጅም። አቴናውያን የድንጋይ ሰሌዳ ነበራቸው፣ ላዩ ላይ በረድፍና በአምድ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ያሉት፣ ሰው ስሙ የተጻፈበትን የነሐስ ሳህን እዛ ይሰካል፣ በጎን በኩል ጥቁርና ነጭ ኳሶች የሚወርዱበት ቱቦ አለ። እናንተ የቴሌቪዥን ካርቶን ውሰዱ፣ በካተር 5 አምድ በ4 ረድፍ ስንጥቅ አውጡ፣ እያንዳንዱ አምድ የአንድ ነገድ ነው፣ አራቱ አባላት የስም ካርዳቸውን በፈለጉት ቅደም ተከተል ይሰኩ። ከጎኑ ጠባብ የላስቲክ ቱቦ በፕላስተር ለጥፉ፣ አናቱ ላይ የተቆረጠ የሃይላንድ አፍ እንደ ማፍሰሻ አድርጉ፣ 2 ነጭ ቦሎቄና 2 ቀይ ቦሎቄ በአንድ ላይ አፍሱበት። ቱቦው ቦሎቄዎቹ እንዳይተላለፉ ጠባብ መሆን አለበት። ከታች አንድ በአንድ ስትለቁ የመጀመሪያው ለመጀመሪያው ረድፍ ነው፣ ነጭ ከሆነ ረድፉ በሙሉ ምክር ቤት ገባ፣ ቀይ ከሆነ በሙሉ ወደቀ። መጨረሻ ላይ ከየነገዱ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 10 ሰው ይኖራችኋል፣ እና ማንም ሰው አጭበረበራችሁ ሊላችሁ አይችልም ምክንያቱም ሁሉም እያየ ነው። ሰዉ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያየው።

ከ10ሩ ውስጥ ሰብሳቢውን አሁንም በዕጣ። አቴንስ ውስጥ የምክር ቤቱ አንድ አስረኛ፣ ማለትም የአንድ ነገድ 50 ሰው፣ ለዓመቱ አንድ አስረኛ ተረኛ ይሆናል፣ ከነሱ ውስጥ በየቀኑ አንድ ሰው በዕጣ ሰብሳቢ ይሆንና የግምጃ ቤቱን ቁልፍና የመንግስቱን ማህተም ለአንድ ቀንና ለአንድ ሌሊት ይይዛል፣ ነገ ያስረክባል፣ ተመልሶ አይደርሰውም። እናንተ በየ30 ደቂቃው ቀይሩት፣ ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉለት። ዓይን አፋር ሰው ቢወጣለትም አትቀይሩት።

ገንዘብም አለ። ከ403 በኋላ ጉባኤ ለመጣ ሰው አበል መክፈል ተጀመረ፣ መጀመሪያ 1 ኦቦል፣ ከዛ 2፣ ከዛ 3፣ በአርስቶትል ዘመን ደግሞ ለተራው ጉባኤ 1 ድራክማ (6 ኦቦል ነው) ለዋናው 9 ኦቦል ደርሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የቀን ሰራተኛ ስራውን ትቶ መጥቶ እንዲቀመጥ ከተፈለገ ያጣውን መካካስ አለበት፣ አለዚያ ጉባኤው የባለ ጊዜዎች ይሆናል። ይሄ በጣም የምወደው ክፍል ነው፣ ስለ ተሳትፎ ስንናገር የታክሲና የምሳ ነገር የሚረሳብን ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ከወረቀት ቶክን ስሩ፣ በሰዓቱ ለደረሰ ዜጋ ስጡት፣ በእረፍት ሰዓት በሻይና በፓስቲ ይቀየራል። ከገመድ ውጪ ያሉትም ይብሉ፣ ግን ቶክን የላቸውም፣ ከዜጋ መጠየቅ አለባቸው።

ወደ ጉባኤው። ምክር ቤቱ አጀንዳውን ቀድሞ መለጠፍ ነበረበት፣ እናንተም ከ4 ቀን በፊት በቴሌግራም ግሩፓችሁ ልቀቁት። አጀንዳ ምረጡ ካላችሁኝ የዛሬውን ፖለቲካችንን አታስገቡ፣ ሰዉ የራሱን ቁስል ይዞ ይመጣና አቴንስ ትጠፋለች። የ427ቱን የሚቲሊኒን ጉዳይ ውሰዱ። ሚቲሊኒ ሌስቦስ ደሴት ላይ ያለች የአቴንስ አጋር ከተማ ነች፣ አመጸች፣ ተሸነፈች። የአቴንስ ጉባኤ በቁጣ አዋቂ ወንዶቹ በሙሉ ይገደሉ፣ ሴቶችና ልጆች ለባርነት ይሸጡ ብሎ ወሰነና መርከብ ላከ። በማግስቱ ሰዉ ጸጸተው፣ ጉባኤው እንደገና ተጠራ፣ ክሊዮን የሚባል ፖለቲከኛ ውሳኔው ይጽና አለ፣ ዲዮዶቱስ የሚባል ሰው ተቃወመ፣ በጣም በተቀራረበ ድምጽ ውሳኔው ተሻረ። ሁለተኛ መርከብ ተላከ፣ ቀዛፊዎቹ ገብስ በወይንና በዘይት እየተለወሰላቸው እየቀዘፉ ይበሉ ነበር፣ በየተራ እየተኙ፣ የደረሱትም አዛዡ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ አንብቦ ሊፈጽመው ሲል ነው። ይሄን የሚተርክልን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ነው። የተረፈው ግን ሁሉም አይደለም፣ የአመጹ ዋና ጥፋተኞች የተባሉ ከ1000 በላይ ሰዎች በክሊዮን ሃሳብ ተገድለዋል፣ ይሄን ክፍል እንዳትደብቁ።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ያለ ብዙ ክርክር በ10 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ቀን ድምጽ አሰጡ፣ አዋጅ ነጋሪው "መናገር የሚፈልግ ማነው?" ይላል፣ አንድ ሁለት ሰው በቁጣ ይናገራል፣ እጅ ይወጣል። አትቁጠሩ፣ አቴናውያንም እጅ በዓይን ይገምቱ ነበር እንጂ አንድ በአንድ አይቆጥሩም። ከዛ የሻይ እረፍት። በእረፍቱ መሃል አንድ ሰው መልዕክተኛ ተብሎ ግቢውን መዞር ይጀምር፣ ቀስ ብሎ፣ የመጀመሪያዋ መርከብ ናት፣ ያቺም ቀስ ብላ ነው የሄደችው ደስ የማይል ስራ ስለነበር። ሰው ሻዩን እየጠጣ ያየዋል። ከእረፍት በኋላ ጉዳዩን ክፈቱት። ለክሊዮንና ለዲዮዶቱስ የተዘጋጁ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፣ ከነሱ በኋላ ማንም ዜጋ ይናገር።

ለዲዮዶቱስ የምትሰጡት ምክር ዋናው ነው፦ "ያሳዝናሉ" እንዳይል። እያንዳንዱ ግሩፕ እዚህ ጋ ምህረት ምህረት ማለት ይጀምራል። እውነተኛው ዲዮዶቱስ ያለው፣ የምንመክረው ስለ ማዘን ሳይሆን ስለሚጠቅመን ነገር ነው፣ የሞት ቅጣት ሰውን ከማመጽ አስቁሞ አያውቅም፣ ተስፋና ፍላጎት ያሸንፉታል፣ ደግሞ እጅ የሰጠውን ሁሉ ከገደልን ነገ የሚያምጽ ከተማ እስከ መጨረሻው ይዋጋል። በጥቅም ተከራክሮ ሰው ማዳን፣ ይሄን ልጆቹ ሲያደርጉት ማየት ሌላ ነገር ነው፣ ክርክሩ ይጠነክራል፣ ክሊዮን የሆነውም ልጅ ላብ ያልበዋል።

ከጉባኤው በኋላ ፍርድ ቤት። በየዓመቱ 6000 ሰው ከ30 ዓመት በላይ የሆነ በዕጣ የዳኝነት ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ለየችሎቱ 201፣ 501 ወይም ከዛ በላይ እዛው ጠዋት በዕጣ ይመደባል፣ ማን ጋ እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ጉቦ መስጠት ከባድ ነው። ሙያተኛ ዳኛ የለም፣ ጠበቃ የለም፣ ዳኞቹ እርስ በርስ አይመካከሩም፣ ጉዳዩ በአንድ ቀን ያልቃል። እናንተ 11 ዳኛ በዕጣ አውጡ፣ ክሱ የመጀመሪያውን ቀን ሃሳብ ያቀረበው ሰውዬ ላይ ይሁን። አንድ ሰው ሕግ የሚጻረር ሃሳብ ለጉባኤ አቅርቧል ተብሎ ጉባኤው ካጸደቀለት በኋላ እንኳን ሊከሰስ ይችል ነበር። ከሳሹም ዝም ብሎ አይከስም፣ በእንደዚህ አይነት የመንግስት ክስ ከድምጹ አንድ አምስተኛ ካላገኘ 1000 ድራክማ ይቀጣል።

የውሃ ሰዓቱ ሁለት የ2 ሊትር ሃይላንድ ነው። አንዱን ከስር አጠገብ በጋለ ምስማር ብሱት፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ውሃው ወደ ታችኛው ይውረድ። ቀዳዳውን በስልካችሁ ሰዓት እየለካችሁ 3 ደቂቃ ገደማ እንዲፈጅ አስተካክሉት፣ ለሁለቱም ወገን እኩል ውሃ። አቴንስ አጎራው (የገበያው አደባባይ) ውስጥ በቁፋሮ የተገኘው 6.4 ሊትር ይይዛል፣ በ6 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። ሰነድ ወይም ሕግ ሲነበብ ውሃው ይዘጋል፣ እናንተም በጣት ያዙት። ለድምጽ መስጫ ከካርቶን ክብ ቁረጡ፣ ለእያንዳንዱ ዳኛ ሁለት፣ አንዱ መሃሉ ላይ የስትሮ ቁራጭ ሌላው የእንጨት ቁራጭ ይሰካበት። ክፍቱ ለከሳሽ፣ ድፍኑ ለተከሳሽ ነው፣ ጫፍና ጫፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ ሲሄድ የቱን እንደያዘ ማንም አያይም። እነሱ የነሐስ ነበራቸው አሰራሩ ግን ይሄው ነው። እኩል ከሆነ ተከሳሽ ነጻ ነው፣ እርግጥ በ11 ዳኛ እኩል አይመጣም።

የሕግ ክሱ ለምን እንደሚያስፈልግ ከጠየቁ የ406ቱን ንገሯቸው። ከአርጊኑሳይ የባህር ውጊያ በኋላ አቴንስ አሸንፋ እያለ መርከባቸው የሰመጠባቸውን አላዳናችሁም ተብለው የጦር አዛዦቹ በአንድ ድምጽ በጅምላ ይፈረድባቸው ተባለ፣ ይሄ ሕገወጥ ነው ብሎ የተነሳውን ሰው ህዝቡ በጩኸት አስፈራርቶ አስተወው፣ በዕጣ የምክር ቤት ተረኛ የነበረው ሶቅራጥስ ከሕግ ውጪ አላደርግም ብሎ እምቢ አለ፣ ግን አልሆነም፣ 6ቱ ተገደሉ። በኋላ ህዝቡ ራሱ ተጸጸተ።

ገሉን፣ ማለትም በሸክላ ስባሪ ድምጽ ሰጥቶ ሰው ከከተማ ማሰናበቱን የምትጨምሩት ጊዜ ካላችሁ ነው። በዓመት አንዴ ጉባኤው ዘንድሮ ሰው እናሰናብት ወይ ተብሎ ይጠየቃል፣ አዎ ካለ ሌላ ቀን አጎራው ታጥሮ ሰው በየነገዱ በር እየገባ ስም የተጫረበት የሸክላ ስባሪ ያስገባል፣ ቢያንስ 6000 ስባሪ ከገባ ብዙ ስም የወጣለት በ10 ቀን ውስጥ ከተማውን ለ10 ዓመት ይለቃል፣ ንብረቱ አይነካም፣ ሲመለስ ሙሉ መብቱ አለው። ቀጨኔ ሸክላ የሚሰሩት እናቶች ጋ ሲተኮስ የተሰነጠቀ አይጠፋም፣ የሚገባቸውን ከፍላችሁ ውሰዱ፣ በምስማር ይጫራል። የተሳታፊ እውነተኛ ስም ግን በፍጹም እንዳይጻፍ፣ ቀልድ ተብሎ የተጀመረ ነገር ልጅ ያስለቅሳል። አሪስቲደስ፣ ቴሚስቶክልስ፣ ክሊዮን እየተባለ የአቴንስ ፖለቲከኞች ስም ይጻፍ። አንድ ነገር ደግሞ በድብቅ አድርጉ፣ 8 ስባሪ ላይ በአንድ ሰው እጅ "ቴሚስቶክልስ" ብላችሁ ጽፋችሁ በአንድ ነገድ በኩል "መጻፍ ላስቸገረው" እያሉ እንዲያድሉ አድርጉ። በኋላ ገሎቹን ዘርግታችሁ የእጅ ጽሁፉን እንዲያዩ ጠይቋቸው። አክሮፖሊስ ሰሜን በኩል ካለ ጉድጓድ የቴሚስቶክልስ ስም ያለባቸው 190 ገደማ ስባሪዎች ተገኝተዋል፣ የጻፏቸው እጆች ግን 14 ያህል ብቻ ናቸው። የተደራጀ ቅስቀሳ ያኔም ነበር።

መጨረሻው ሂሳብ ማወራረድ ነው፣ ይሄ እንዳይዘለል። አቴንስ ውስጥ ስልጣን ይዞ የነበረ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳቡን ያስረክባል፣ የፈለገ ዜጋ ተነስቶ ሊከሰው ይችላል፣ እስኪጸዳ ድረስ ከአገር መውጣት አይችልም። ስለዚህ ከሰዓቱን ሙሉ ሰብሳቢ የነበሩት፣ ቶክን ያደሉት፣ የሻይና የፓስቲውን ብር የያዘው ልጅ፣ አንድ በአንድ መድረክ ላይ ይውጡ፣ ስንት ተሰበሰበ ስንት ወጣ ደረሰኙ የታለ ይባል። እኛ ጋ ሰዉ መጀመሪያ "ኧረ ጓደኛችን ነው" ብሎ መጠየቅ ያፍራል፣ አዘጋጁ የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሱ ይጠይቅ፣ ከዛ ይለቃሉ። ሂሳቡ ልክ የሆነው ሰው ሲጨበጨብለት ፊቱን እዩት።

ከሱ ቀጥሎ ገመዱን አንሱና ውጪ የነበሩት 16 ሰዎች ደብተራቸውን ያንብቡ፣ ዜጋ የነበሩት መልስ አይስጡ፣ ይስሙ ብቻ። ለዚህ ሙሉ 20 ደቂቃ አስቀምጡ፣ ሰዓት አለቀ ተብሎ የሚቆረጠው ሁሌ ይሄ ነው። ጊዜ እያጠረባችሁ እንደሆነ ካያችሁ መጀመሪያ ገሉን ቁረጡ፣ ከዛ ፍርድ ቤቱን ለሌላ ቅዳሜ አስተላልፉት፣ የካርቶኑን ማሽን፣ ሂሳቡንና ደብተሩን ግን አትንኩ።